ከቁጥር 21 በፊት ቁጥር 20 አለ

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት ወጣት ነርስ «እምነት ካለኝ ለምንድን ነው አሁንም የምፈራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው እንዳይሰማት ዙሪያዋን እያየች ነበር። ሰዎች ይጠብቁኝ ስለነበር በቂ መልስ አልሰጠኋትም፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ይኸው ጥያቄ የኔም ነበር። የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ለዓመታት ውጬው ኖሬአለሁ።

በሙያው አዲስ ነበርኩ፤ በሕፃናት ክፍል የሌሊት ተረኛ። የሳንባ ምች ያደከመው አንድ ትንሽ ልጅ ተኝቶ ነበር። ኦክስጅኑን ላስተካክል ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ጣቴን ይይዘኛል፤ ቀስ ብዬ ሳስለቅቀው በዓይኑ ይከተለኛል። ሊነጋጋ ሲል ትንፋሹ እየራቀ ሄደ። ሐኪሙም እኔም የሚደረገውን ሁሉ አደረግን፤ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የነርስ ነው። መርፌውን ነቀልኩ፣ ፊቱን አጠብኩ፣ በነጭ አንሶላ ሸፈንኩት፣ እናቱን ልጠራ ወጣሁ። በሩን እንደከፈትኩ ፊቴን አየችና ሁሉንም አወቀች። አንዲት ቃል ከአፌ ሳይወጣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሲነጋ ዕቃ ክፍል ገብቼ ስንቀጠቀጥ ኃላፊያችን አገኘችኝ። እግዚአብሔርን የምትፈራ፣ በጣም የማከብራት ሴት ነበረች። «አይዞሽ፣ አማኝ እንዲህ አይሆንም። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ በይ» አለችኝ። ክፉ አስባ አልነበረም፤ እሷንም እንዲሁ እያሉ ነው ያሳደጓት። ፊቴን ታጠብኩ፣ ለቀን ተረኛዋ አስረክቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማልቀስ አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያን አልቀረሁም፤ እጸልያለሁ፣ እዘምራለሁ። ሕፃን ሲያስል ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። ወደ አዋቂዎች ክፍል እንዲያዛውሩኝ አመለከትኩ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። እናቴ ስትሞት እንኳ እንባ አልወጣኝም። ሊያጽናኑኝ የመጡት ሰዎች «እንዴት ያለ እምነት ነው!» አሉ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ እናቴን ሳላለቅሳት ቀበርኳት፣ ለዚያም ተመሰገንኩ።

ልጁ በሞተበት ሌሊት ከእኛ ጋር ተረኛ የነበረች አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ወለሉን ስትወለውል በለሆሳስ ትዘምራለች፤ ሲያለቅሱ የነበሩ ሕፃናት ድምጿን ሲሰሙ ዝም ይሉ ነበር። እኛ ነርሶቹ በማስታገሻ ያልቻልነውን እሷ በዜማ ስትችለው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጡረታ ልትወጣ ስትል፣ ልትሰናበተኝ መጣች። ከጎኔ ተቀምጣ ድንገት «የዚያ ልጅ ነገር ከልቤ አልወጣም፤ ካንቺስ ወጣልሽ?» አለችኝ። ስሙን ጠራችው። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ስሙን አልረሳችውም ነበር። ያን ጊዜ ለልጁም ለእናቴም የቀረው እንባ አንድ ላይ መጣ። እሷ ጥቅስ አልጠቀሰችልኝም፣ አትልቀሺም አላለችኝም። እጄን ይዛ ቆየችና «ጌታ ሆይ፣ አንተ አይተሃል» ብላ ጸለየች። ጸሎቷ ይኸው ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፈ ኢዮብን ገለጥኩ። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» የሚለው ምዕራፍ 1 ቁጥር 21 ነው። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር 20 ግን ኢዮብ ተነሥቶ መጐናጸፊያውን እንደቀደደ፣ ራሱን እንደተላጨ፣ በምድር ላይ ተደፍቶ እንደሰገደ ይናገራል። እኔ የተሰጠኝ 21 ብቻ ነበር፤ 20ን የነገረኝ አልነበረም። ቀጥሎ ያለውንም አነበብኩ። ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው።

ኢያሱ 1፥9ንም ተመልከቱ። «ጽና፣ አይዞህ» የሚለውን ቃል ዛሬ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ላይ ለጥፋችሁታል፤ ደስ ይለኛል። ቃሉ የመጣው ግን ሙሴ ከሞተ በኋላ ነው፤ የእስራኤል ልጆችም በሞዓብ ሜዳ ሠላሳ ቀን አልቅሰውለታል። ዘዳግም ከዚያ ልቅሶ በኋላ ወዲያው ይዘጋል፤ የኢያሱ መጽሐፍም ከዚያ ቀጥሎ ይከፈታል። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ሄዶ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ሲል ጭንቀቱን አልደበቃቸውም። አብረውት እንዲተጉም ለመናቸው። ስለዚህ ልጄ፣ ፍርሃትሽ እምነት እንደሌለሽ ማስረጃ አይደለም።

ወደ ሕፃናት ክፍል የተመለስኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እጄ መንቀጥቀጡን ወዲያው አልተወም። መንቀጥቀጡን ከጌታ መደበቄን ግን ተውኩ። በሩ ላይ ቆም ብዬ «ፈርቻለሁ፤ አብረን እንግባ» እለዋለሁ፣ ከዚያ እገባለሁ። ለእኔ ፈውስ ማለት ይህ ነበር፤ በአንድ የጸሎት ምሽት የተፈጸመ ነገር አልነበረም። በአንድ ምሽት የተፈወሱም አሉ፤ የእነሱን ምስክርነት አልጠራጠርም።

እናንተ ከእኛ በአንድ ነገር ትሻላላችሁ፤ «ልቤ ታሟል» ማለት አታፍሩም። እኛ ይህን ብንል እንደ ክህደት ይቆጠርብን ነበር። ግን ሕመማችሁን ለሺህ ሰው ትለጥፉና አጠገባችሁ ለተቀመጠ አንድ ሰው አትነግሩትም። ሺህ ሰው እጅ አይይዝም። ደግሞ ትቸኩላላችሁ፤ አንድ ሳምንት ጾማችሁ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ ቤተ ክርስቲያን ትቀይራላችሁ።

ጸልዩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቡ የሚለውን አልደግምላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ስታነቡ ግን ደስ የሚሉትን ብቻ አትምረጡ። መዝሙር 88 (በሌላው አቆጣጠር 87) እግዚአብሔርን የመድኃኒቴ አምላክ ብሎ ይጀምርና አንድም መጽናኛ ሳያገኝ ያልቃል። ልቤ ደርቆ በነበረበት ጊዜ ሌሎቹን መዝሙሮች እያነበብኩ ይህንን እዘለው ነበር፤ ለእኔ የተጻፈው ግን እሱ ነበር።

የኤልያስንም ታሪክ እንደ ነርስ አንብቡት። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ ሞትን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኛ። መልአኩ ቀስቅሶ ያለው «ተነሥተህ ብላ» ነው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ ቀሰቀሰውና በላ። «ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ ደካማ አማኞች ነን ብላችሁ አትፍረዱ። መሞት መሞት የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጳውሎስ ሉቃስን «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ይለዋል፤ ሐዋርያው ሐኪም አጠገቡ መኖሩን እንደ እምነት ጉድለት አልቆጠረውም።

ለምን ዓይነት ሰው እንንገር ካላችሁኝ፣ ለንስሐ አባትም ይሁን ለመጋቢ፣ ወይም እንደዚያች የጽዳት ሠራተኛ ዝም ብሎ መቀመጥ ለሚችል ሰው ንገሩ። ማዕረጉን አትዩ። ተናግራችሁ ሳትጨርሱ ጥቅስ የሚያቀብላችሁ ከሆነ በአክብሮት ተሰናበቱትና ሌላ ፈልጉ።

ያቺ ወጣት ሥራውን ልልቀቅ ወይ ብላም ጠይቃኝ ነበር። ልጄ፣ በዚህ ወር አትወስኚ። መጀመሪያ ተኚ፣ ብዪ፣ አንድ ሰው ፈልገሽ እስኪወጣልሽ አልቅሺ። ያኔም መልቀቅ እንዳለብሽ ከተሰማሽ ልቀቂ፤ ጌታ በሌላም ሥራ ላይ ያገኝሻል። እቆያለሁ ካልሽ ደግሞ የሌሊት ተራሽን ንገሪኝ፤ ጡረተኛ ነኝ፣ በፈለግሽ ሰዓት ደውይልኝ።