በእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ እንዴት ልማር ላልሽው እህቴ

«ሰዋስዉን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ለወዳጅም ሆነ ለመሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ልጻፍ ስል እጄ ይታሰራል» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ የእኔም እጅ ለዓመታት ታስሮ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዕቃ ከወደብ የሚያስለቅቅ አንድ የትራንዚት ቢሮ ተቀጥሬ ግማሹ ሥራዬ ከጅቡቲ ጋር መጻጻፍ ስለነበር ማምለጫ አልነበረኝም።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬን አልረሳውም። የአንድ ደንበኛችን ኮንቴይነር ወደብ ላይ ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል። አባቴ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩና እኔም በእርሳቸው ዜማ ጀመርኩ፤ ስለ ድርጅቱ ክብር አንድ አንቀጽ፣ ስለ ቆየው ግንኙነታችን ሌላ አንቀጽ፣ ስለ ደንበኛው ችግር አንድ ሙሉ ገጽ። ጥያቄዬ የሰፈረው ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ነው። በማግስቱ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ «ምን እንድናደርግላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ኪራዩም መቁጠሩን ቀጠለ።

እንግሊዝኛዬ አልነበረም የጎደለው። የአማርኛ ደብዳቤ ጽፌ ቃሉን ብቻ ነው የለወጥኩት። የእኛ ማመልከቻ ደጅ ይጠናል፤ ሰላምታ አድርሶ፣ አክብሮ፣ ችግሩን ተርኮ ነው ልመናውን የሚያወጣው። የእንግሊዝኛ የሥራ ደብዳቤ ግን ለምን እንደጻፍሽ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ከመጀመሬ በፊት አንዲት የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ፤ «እባካችሁ የዕቃውን ማስለቀቂያ እስከ ሐሙስ ላኩልን»። እርሷ ተተርጉማ ፊት ትቀመጣለች፣ ምክንያቱ ይከተላል። «ጉዳዩ» ብለን የምናሰምርበት መስመር በእንግሊዝኛም ስላለ እርሱን አትተዪው።

የሰው ስም አጠራር ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። እኛ «አቶ» ብለን የምናስከትለው የሰውየውን የራሱን ስም ነው። እነርሱ «ሚስተር» ብለው የሚያስከትሉት የቤተሰቡን ስም ነው፤ ጆን ስሚዝ «ሚስተር ስሚዝ» እንጂ «ሚስተር ጆን» አይባልም። እኔንም በአባቴ ስም ይጠሩኝ ስለነበር፣ መጀመሪያ አካባቢ ደብዳቤው ሁሉ ለነፍስ ኄሩ አባቴ የመጣ ይመስለኝ ነበር። በእንግሊዞች ልማድ፣ ስሙን ጠርተሽ ከጀመርሽ መዝጊያው «ዩርስ ሲንሲርሊ» ነው፤ ስሙን ሳታውቂ «ዲር ሰር ኦር ማዳም» ካልሽ «ዩርስ ፌይዝፉሊ»። አሜሪካኖች በአብዛኛው «ሲንሲርሊ» ብለው ያልፋሉ። «ዲር» የሚለውንም አትፍሪው፤ ትርጉሙ ውድ ቢሆንም ለማታውቂው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይጻፋል፣ ማንም የፍቅር ደብዳቤ ነው አይልሽም።

ቀኑን በቁጥር ብቻ አትጻፊ። 03/04 ለእንግሊዙ ኤፕሪል 3፣ ለአሜሪካኑ ማርች 4፣ ለእኛ ደግሞ ታኅሣሥ 3 ነው። የወሩን ስም በፊደል፣ ዓመቱንም በእነርሱ አቆጣጠር አድርጊው።

የወዳጅ ደብዳቤ ቀላል ይመስላል፤ እኔን ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን እርሱ ነው። ካናዳ ላለው፣ አማርኛ ማንበብ ለማይችለው የእህቴ ልጅ ስጽፍ የቢሮው ቋንቋ ተከትሎኝ ሄደ፤ «መልስዎን በተቻለ ፍጥነት እጠብቃለሁ» የሚል መዝጊያ ጻፍኩለት። ልጁ እናቱን «አጎቴ ተቆጥቶኛል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። አሁን ለእርሱ ስጽፍ «ዱ ኖት» የነበረው «ዶንት» ይሆናል፤ በሥራ ደብዳቤ ግን ይህን ማሳጠር አልደፍርም። ድሬ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ እንዴት እንደሞላ እነግረውና «ሎቭ» ብዬ ስሜን ከሥሩ አኖራለሁ።

ስለ ልምምድ ከሆነ፣ የመጡልኝን ጥሩ ጥሩ ደብዳቤዎች ክላሴር ውስጥ አስቀምጬ ማታ ማታ በእጄ እገለብጣቸው ነበር። አሰልቺ ነው፤ ሆኖም «አይ አም ራይቲንግ ቱ» የምትለዋን መክፈቻ ሃያ ጊዜ ያህል ከገለበጥኳት በኋላ እጄ ራሱ ያወጣት ጀመር። አንቺም ልትጽፊ ያሰብሽውን ደብዳቤ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ እዚህ አስፍሪልን፤ የፈለግሽው ነገር ከገባን ቀሪውን አብረን እናየዋለን።