አንድ ጁፒተር ለስድስት ሰው ይበቃል ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ቢሮ ውስጥ አንድ ጠንከር ያለ ማሽን አለን፣ ጁፒተር (በብራውዘር ኮድ የሚጻፍበትና የሚኬድበት ፕሮግራም) ጭኜበት አይፒውን ወደ 0.0.0.0 ቀየርኩት፣ አምስቱ ልጆች ከየላፕቶፓቸው በብራውዘር እየገቡ ነው፣ ይሄ ይበቃል ወይ ነው ያልከው። አይበቃም። እኔም ልክ እንዳንተ አድርጌ ለወራት ስለተጠቀምኩበትና ስለተቃጠልኩበት ነው ትንሽ ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ።

ጁፒተር እንዲሁ ሲነሳ ከዛው ማሽን ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው የሚከፍተው፣ 127.0.0.1 ፖርት 8888 ላይ። 0.0.0.0 ስትለው በየትኛውም ኔትወርክ በኩል ለመጣ ክፈት አልከው ማለት ነው። የገባው ሰው ደግሞ የሚያገኘው ኖትቡክ፣ ማለትም ኮድና ውጤቱ አብረው የሚቀመጡበት ፋይል፣ ብቻ አይደለም፣ ለማሽኑ ቀጥታ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናልም አለ፣ ሁሉንም የሚሰራው ሰርቨሩን ባስነሳኸው አካውንት ነው፣ ስለዚህ ያንተን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል፣ ከሩቅ ሌላ ማሽን ላይ የምትገባበት የኤስኤስኤች ቁልፍህ ሆም ፎልደርህ ውስጥ ካለም ያነበዋል። ሲገቡ እንደ ፓስወርድ የሚጠይቀው ቶክን ያስቸግራል ብለህ ደግሞ እንዳታጠፋው፣ ያለ ፓስወርድ የተተወ ጁፒተር ኢንተርኔት ላይ እያሰሱ ክሪፕቶ ማይኒንግ የሚጭኑበት አሉ።

እኔን ያቃጠለኝ ግን ሴኪዩሪቲው ሳይሆን ከርነሉ ነው፣ ከጀርባ ሆኖ ኮዱን የሚያስኬደውና ቫሪያብሉን ሜሞሪ ላይ የሚይዘው ማለቴ ነው። እዛው ሰርቨር ላይ ሁለት ሰው አንድ ኖትቡክ ከከፈተ ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ከርነል ነው፣ ቫሪያብሉም የጋራ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የዘንድሮውን ፋይል አንብቤ፣ አጽድቼ፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፣ ጓደኛዬ ያንኑ ኖትቡክ ከፍቶ የአምናውን ፋይል በዛው ቫሪያብል ስም አነበበበት፣ ተመልሼ ታች ያለውን አማካይ የሚያወጣ ሴል (የኮድ ሳጥን) አስኬድኩት፣ ምንም ኤረር የለም፣ ቁጥሩም ደህና ቁጥር ይመስላል። የነቃሁት ከሴሉ ግራ በኩል ባለችው፣ ሴል በተኬደ ቁጥር በአንድ በምትጨምረው ቁጥር ነው፣ እኔ የተውኩት 14 ላይ ነበር፣ 15 ማለት ሲገባው 19 ይላል። አራቱን ሴል ማን አስኬዳቸው? ያን ቀን ባላያት ኖሮ የአምናውን አማካይ የዘንድሮ ብዬ ሪፖርት ላይ አስገባው ነበር። ሴቭ ማድረጉም እንደዛው ነው፣ ፋይሉ ዲስክ ላይ ተቀይሯል የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ሰው ቸኩሎ ኦቨርራይት ይላል፣ የሌላው ሥራ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ተራው የጁፒተር ሰርቨር የተሰራው ለአንድ ሰው ነው። ለብዙ ሰው የተሰራው ጁፒተርሀብ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ በር ይገባል፣ በየራሱ ስምና ፓስወርድ፣ ሀቡ ለእያንዳንዱ የራሱን ሰርቨር ያስነሳለታል፣ ሆም ፎልደሩም ከርነሉም የራሱ ነው። ማሽንህ አንድ ብቻ ስለሆነ ዘ ሊትልስት ጁፒተርሀብ የሚባለውን ጫን፣ ለአንድ ሰርቨርና እስከ 100 ሰው ድረስ ታስቦ የተሰራ ነው፣ ስድስት ሰው ምንም አይሆንለትም። ማሽኑ ግን ኡቡንቱ ወይ ዴቢያን ሆኖ ለዚህ ብቻ የተለቀቀ ይሁን፣ የግል ላፕቶፕህ ላይ እንዳትጭነው። ዊንዶውስ ከሆነ ሀቡ ዊንዶውስን በይፋ አይደግፍም፣ ሊኑክስ አስገባበት።

አንድ ነገር አደራ፣ እዚህ ላይ በነባሪው አሠራር አንድ ዩዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ የጻፈው ፓስወርድ ነው ፓስወርዱ ሆኖ የሚቀረው። ስለዚህ ጭነህ እንደጨረስክ ወዲያው ራስህ በአድሚን ስም ግባ፣ ልጆቹንም ስማቸውን በጨመርክ ሰዓት አስገባቸው፣ ያልተገባበት አካውንት ቀድሞ ለደረሰ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ራም። ሰው ሁሉ ስለ ሲፒዩ ይጨነቃል፣ ማሽኑን የሚጥለው ግን ራም ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚሰሩትን ሰዎች ለአንድ ሰው በምትፈቅደው ራም አባዛው፣ ለሲስተሙ 128 ሜጋባይት ጨምርበት። ስድስታችሁም አብራችሁ ብትገቡና ለሰው 4 ጊጋ ብትሰጥ 24 ጊጋና ትንሽ ማለት ነው። ሊሚቱን ሳታስቀምጥ ሰው እንዳታስገባ። እኛ ጋ ሊሚት ሳይኖር አንዱ ትልቅ ሲኤስቪ በአንድ ጊዜ ልጫን ብሎ ማሽኑ ደረቀ፣ ላጠፋው በኤስኤስኤች ልግባ ብል እሱም አልገባ አለ፣ የሁሉም ሥራ ቆመ። ሊሚት ካስቀመጥን በኋላ ያው ልጅ ያንኑ ፋይል ሲጭን የሞተው የሱ ከርነል ብቻ ነው፣ ሌሎቻችን አልሰማንም እንኳ።

ታብ መዝጋት ከርነል ማጥፋት እንዳልሆነም ንገራቸው፣ ብራውዘሩ ተዘግቶም ራሙን እንደያዘ ይቀመጣል። ሊትልስቱ 10 ደቂቃ ዝም ያለ ሰርቨርን ራሱ ይዘጋል፣ ፋይሉ ይቀራል፣ ሜሞሪ ላይ ያለው ቫሪያብል ግን ይጠፋል። ማታ ሞዴል ትሬን የምታደርጉ ከሆነ ይሄን ሰዓት አርዝመው፣ ውጤቱንም በየመሃሉ ፋይል ላይ እያስቀመጣችሁ ሂዱ።

የጋራ ዳታ በአንድ ፎልደር አድርገህ ለሁሉም ለማንበብ ብቻ ፍቀድ፣ እያንዳንዱ ኮፒ ካደረገ ዲስኩ በሳምንት ይሞላል። ፓኬጅ በአድሚን ለሁሉም አንዴ ይጫናል፣ ታዲያ ፓንዳስን (የዳታ ሰንጠረዥ የምንሰራበትን ፓኬጅ) አፕግሬድ ስታደርግ የሁሉም ሰው ፓንዳስ ነው የሚቀየረው፣ ቀድመህ ንገራቸው። ከቢሮ ውጭ የሚገባ ካለ ያለ ኤችቲቲፒኤስ አትክፈተው፣ ዶሜን ከሌለህ በኤስኤስኤች ተነል ወይ በቪፒኤን ይግቡ።

ሁለት ሆናችሁ አንድ ኖትቡክ ላይ የግድ አብረን እንጻፍ ካላችሁ ለጁፒተርላብ የኮላቦሬሽን ኤክስቴንሽን አለ፣ የአንዱ ጽሑፍ ለሌላው ወዲያው ይታያል፣ ከርነሉ ግን አሁንም አንድ ነው፣ የኔ የ14 እና የ19 ታሪክ እዛም አለ። እኛ ኮዱን በጊት (የኮድ ለውጥ መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) እየተለዋወጥን ሁሉም በየራሱ ከርነል ማስኬዱ ነው የተሻለን።

ማሽኑ ስንት ጊጋ ራም እንዳለው ጻፍልኝ፣ ጂፒዩ ካለውም ንገረኝ፣ የራም ሊሚቱ የጂፒዩን ሜሞሪ አይነካምና እሱን ለብቻው ነው የምናየው።