ሰርቨሩን ማን ገደለው? የሚሞሪ ዳምፕ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

እንዴት አመሻችሁ። ዛሬ ማታ መብራት ስላለ ጋቢዬን ደርቤ፣ ከደብረ ሲና የመጣች ቆሎ አጠገቤ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሰርቨሩ ድንገት ወድቆበት ዳምፕ የሚባለውን ግዙፍ ፋይል አይቶ ግራ የገባው ይጠይቀኝ። ብዙውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ሊኑክስ ላይ ነው፣ ድሮ ሶላሪስ የሚባለውንም የሰርቨር ሲስተም ነካክቻለሁ። የዊንዶውስ ጥያቄ አልመልስም፣ እሱን የሚችሉ ሌሎች አሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከመሠረቱ ልጀምር። ዳምፕ ምንድን ነው? ኮር የሚሉትስ ሌላ ነው?

መልስ፦ ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከዚህ በላይ መቀጠል አልችልም ብሎ ሲቆም (ይህን ፓኒክ ይሉታል)፣ በዚያች ቅጽበት ራም ላይ የነበረው ወደ ዲስክ ይገለበጣል። ያ ዳምፕ ነው። አንድ ፕሮግራም ብቻ ሲወድቅ የሚተወውን ደግሞ ኮር ፋይል እንለዋለን፣ እሱን ጂዲቢ በሚባለው የስህተት መፈለጊያ ትከፍተዋለህ። ኮር የሚለው ስም የመጣው ሚሞሪ ከትናንሽ የማግኔት ቀለበቶች ይሠራ ከነበረበት ዘመን ነው። ቀለበቶቹ ጠፉ፣ ስሙ ቀረ።

ጥያቄ፦ ሰርቨራችን በሳምንት ሁለት ጊዜ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ቫር ሥር ያለውን የክራሽ ፎልደር ከፈትኩት፣ ባዶ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ኬዳምፕ፣ ማለትም ዳምፑን የሚያወጣው አገልግሎት፣ እየሠራ መሆኑን እይ። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ከራሙ ጥቂቱ፣ ለምሳሌ 256 ሜጋ፣ ለክፉ ቀን ይከለላል። እዚያ ውስጥ ሁለተኛ ከርነል ተጭኖ ይጠብቃል። ዋናው ሲሞት ይሄኛው ይነሳና የሟቹን ሚሞሪ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ቦታው የሚከለለው በቡት ጊዜ ስለሆነ ሴቲንጉን ቀይረህ ሪቡት ካላደረግክ ምንም አልሠራህም። ብዙዎቻችን ኬዳምፕን የምናስታውሰው ሰርቨሩ ከወደቀ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ካስተካከልክ በኋላ ሞክረው። ተጠቃሚ በሌለበት ሰዓት ሲስአርኪው ትሪገር ወደሚባለው ፋይል «ሲ» የምትለዋን ፊደል ጻፍ። ማሽኑ እዚያው ይወድቃል። ሲነሳ ፋይሉ ካለ ተዘጋጅተሃል።

አሁን ዋናው ነገር። ኬዳምፕ በሙከራ ፋይል እያወጣ፣ እውነተኛው ውድቀት ሲመጣ ግን ምንም ካልተወ፣ ያ ባዶ ፎልደር ራሱ ይናገራል። ከርነሉ ለመሞት እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ስለዚህ ወደ መብራቱ፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ዩፒኤሱ ባትሪ ዙር። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ባለችው ጊዜ ስንት ሰርቨር ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ሰው ግን ሶፍትዌሩን ነው የሚረግመው።

ጥያቄ፦ እኛ ሸዋ ሮቢት ነን። ሰርቨሩ ጠዋት ሰላም ነው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ግን ዝም ብሎ ይጠፋል።

መልስ፦ የሙቀት ነገር ይሸተኛል። ፕሮሰሰሩ ከልክ በላይ ሲግል ሃርድዌሩ ራሱ ያጠፋዋል፣ ከርነሉን አያስፈቅድም፣ ስለዚህ ዳምፕ አትጠብቅ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቢኤምሲ (ሰርቨሩን ለብቻው የሚከታተል ትንሽ ኮምፒውተር) የራሱ ሎግ አለው፣ እሱን አውጣ። ፋኑንም ከአቧራ አጽዳው።

ጥያቄ፦ ዳምፑስ አለኝ፣ 6 ጊጋ ነው። ግን እንዴት እንደሚነበብ አላውቅም፣ ስከፍተው ስህተት ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ክራሽ የሚባለው መሣሪያ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ዳምፑ ነው። ሌላው የዲበግ መረጃ ያለበት ከርነል ነው፣ እሱም ማሽኑ ሲወድቅ ሲሠራበት ከነበረው ከርነል ጋር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ መግጠም አለበት። ከወደቀ በኋላ አፕዴት አድርገሽ የዛሬውን ከሰጠሽው እንዲህ ያስቸግርሻል።

ሲከፈት ወዲያው ወደ ባክትሬሱ (ሲወድቅ እየሠሩ የነበሩት ፋንክሽኖች ዝርዝር) አትሩጪ። መጀመሪያ «ሎግ» በይና ከፓኒኩ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች አንብቢ። የዲስክ ስህተት አለ? ኔትወርክ ካርዱ ሲነሳና ሲወድቅ ነበር? ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ የስህተቱን አድራሻ እዪ። እንደ 28 ያለ ትንሽ ቁጥር ከሆነ አንድ ኮድ ባዶ ጠቋሚ (የትም የማያመለክት አድራሻ) ይዞ፣ ከመነሻው 28 ባይት (በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር) ርቆ ያለውን መስክ ሊያነብ ሞክሯል ማለት ነው። የኮድ ስህተት ነው፣ ራሙን ተዪው። «6ቢ6ቢ6ቢ» እየተደጋገመ ካየሽ፣ የስላብ ዲበግ (የከርነሉን የሚሞሪ አጠቃቀም የሚፈትሸው ሴቲንግ) በርቶ ከሆነ፣ ከተለቀቀ በኋላ የተነካ ሚሞሪ ነው።

ሎጉ ላይ «ቴይንትድ» (ተበክሏል) ከሚለው ቃል አጠገብ ያሉትን ፊደላትም አትዝለያቸው። «ፒ» ወይም «ኦ» ካለ ከርነሉ ውስጥ ከውጭ የመጣ ሞጁል (ተጨማሪ ኮድ) ገብቷል፣ እኔ ጥርጣሬዬን ከእሱ ነው የምጀምረው። «ኤም» ካለ ፕሮሰሰሩ ራሱ የሃርድዌር ስህተት ተናግሯል። እዚያ ላይ ኮድ እያነበብሽ ዓይንሽን አታድክሚ።

ጥያቄ፦ ባክትሬሱ ላይ የዳታቤዛችን ፕሮሰስ ስም አለ። እሱ ነው ጥፋተኛው ብዬ ለአለቃዬ ሪፖርት ላድርግ?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ! ስሙ የሚነግርህ ሬሳው የተገኘው ማን ደጃፍ እንደሆነ ነው። ገዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የራሴን ልንገርህ። አንድ መሥሪያ ቤት ነበርኩ፣ ሰርቨር ይሉታል እንጂ ኢሲሲ (ስህተቱን ራሱ የሚያርም) ራም የሌለው ዴስክቶፕ ነበር። በሁለት ሳምንት ሦስት ዳምፕ አወጣ። የመጀመሪያው ላይ የዳታቤዙ ስም ስለነበር ሁለት ቀን ሙሉ የዳታቤዙን ልጅ አንገላታሁት። ሁለተኛው ላይ የባክአፕ ስክሪፕቱ ስም መጣ። ሦስተኛው ላይ ስዋፐር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ የሚያርፍበት። ሥራ ፈትቶ የተኛ ሰው ነፍስ ሲያጠፋ ሰምተህ ታውቃለህ? ያኔ ነው የነቃሁት። ሦስቱን አድራሻዎች ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። የከርነል አድራሻ በ64 ቢት ኢንቴል ማሽን ላይ ብዙውን ጊዜ በአራት «ኤፍ» ይጀምራል። የእኔዎቹ «ኤፍኤፍኤፍ7» ብለው ይጀምራሉ። ኤፍ በሁለት ቤት ቁጥር 1111 ነው፣ 7 ደግሞ 0111። አንዲት ቢት ብቻ ወድቃለች፣ ሦስቱም ላይ ያው ቦታ! ፓኒኩም ጀነራል ፕሮቴክሽን ፎልት ይል የነበረው ለዚህ ነው፣ እንዲህ ያለ አድራሻ ፕሮሰሰሩ ጭራሽ አይቀበለውም። ሜምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አስኬድኩ፣ ጠዋት ስመጣ ስክሪኑ በስህተት ዝርዝር ቀልቷል። ራሙ ተቀየረ፣ ለዳታቤዙ ልጅ የአገር አረቄ ጋበዝኩ።

ስለዚህ በአንድ ዳምፕ አትፍረድ። ሁለት ሦስት ሲሆኑ አስተያያቸው። ሁልጊዜ አንድ ፋንክሽን ላይ የሚወድቅ ከሆነ ወደ ኮዱ፣ በየጊዜው ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ወደ ራሙ ነው የማደላው።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ስለሆነች ኮምፒውተር ቶሎ ይበላሻል ይላሉ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ ወሬ ብቻ አይደለም። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አየሩ ሲሳሳ ፋኑ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ለብዙ ሰርቨሮች የሚሠራበት መመሪያ፣ እስከ 35 ዲግሪ የሚችል ማሽን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስለት ይላል። ስታሰላው እዚህ 29 አካባቢ ይመጣል። ብርዳችን ያካክሰዋል፣ ክፍሉን ግጥም አድርገህ ካልዘጋኸው። ከህዋ የሚመጣው ጨረር ቢት የመገልበጥ ዕድሉም ከፍታ ሲጨምር ይጨምራል፣ ለምድር ወገብ መቅረባችን ደግሞ ይቀንስልናል። ኢሲሲ ራም አንድ ቢት ሲገለበጥ ያርማል፣ ሁለት ሲሆኑ ያስታውቃል። ግዛ፣ አትሰስት።

ጥያቄ፦ የእኛው አይወድቅም፣ ስታክ ነው የሚያደርገው። ኪቦርድም አይሰማም። ዳምፕ እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ ፓወር በተኑን አትጫን፣ ማስረጃው ይጠፋል። ቀድመህ ከርነሉን ያልታወቀ ኤንኤምአይ (ፕሮሰሰሩ ችላ ሊለው የማይችል የማቋረጫ ምልክት) ሲመጣ ፓኒክ አድርግ ብለህ አዘጋጀው። ሲቆም በቢኤምሲው በኩል ኤንኤምአይ ላክ፣ ቢኤምሲውን በሚያዝዘው አይፒኤምአይ ቱል ላይ «ዳያግ» የምትለው ትእዛዝ ናት። ከዚያ ዳምፑ ውስጥ ፕሮሰሶቹን ዘርዝርና «ዩኤን» (ሊቋረጥ በማይችል ጥበቃ ላይ ያለ) የሚል ምልክት ያላቸውን ለቅመህ እያንዳንዱ ምን እየጠበቀ እንደቆመ ተከተል። ሁሉም አንድ ሎክ (በተራ የሚያዝ ቁልፍ) ላይ ተሰልፈው ታገኛለህ፣ ሎኩን የያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይመልስ ስቶሬጅ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ሚሞሪ ሲያልቅስ?

መልስ፦ ያኔ ከርነሉ አንዱን ፕሮሰስ ገድሎ ይቀጥላል፣ እሱ ራሱ አይወድቅም። ሎጉ ላይ ማንን እንደገደለ ተጽፏል። ዳምፕ ከፈለግህ ሚሞሪ ሲያልቅ ፓኒክ እንዲያደርግ ማዘዝ አለብህ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሶላሪስ አለን፣ ማንም አይነካውም።

መልስ፦ ደግ አደረጋችሁ። ዳምፑ የት እንደሚሄድ ዳምፕአድም ይነግርሃል፣ ሴቭኮር ያወጣዋል፣ በኤምዲቢ ትከፍተዋለህ። አነባበቡ ከላይ እንዳልኩት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዳምፑን በቴሌግራም ልላክልህና እይልኝ?

መልስ፦ እንዳትልክ! ራም ውስጥ የነበረው ሁሉ እዚያ አለ። ፓስወርድ፣ ቁልፍ፣ የደንበኛ ስም። ሜክዳምፕፋይል የሚባለው የዳምፕ ማጣሪያ በደረጃ 31 ሲያጣራው የተጠቃሚ ገጾችን ያወጣል፣ ፋይሉም በጣም ያንሳል፣ ከርነሉ የያዘው ምሥጢር ግን ይቀራል። ሎጉንና ባክትሬሱን ብቻ ገልብጥ፣ የማሽኑን ስምና አይፒ አጥፋና ላክ።

ጥያቄ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የወደቀው፣ ጥበቃውም መስክሯል። ሎጉ ግን 00:00 ይላል። ሎጉ ይዋሻል?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የእኛ ሌሊት 9 በፈረንጅ 3 ሰዓት ነው፣ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ስለሚቆጥር ሌላ 3 ሰዓት ተቀነሰ።

ጥያቄ፦ ቅድም ፎልደሩ ባዶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ኬዳምፕን አስተካከልኩ፣ ሪቡትም አደረግሁ፣ አሁን አንድ ዳምፕ አግኝቻለሁ! ፓኒኩ ላይ «ሲስአርኪው ትሪገርድ ክራሽ» ይላል። ይሄ የማን ጥፋት ነው?

መልስ፦ የአንተ። ያቺ «ሲ» ናት። እሱን ፋይል አጥፋውና የሚቀጥለውን ጠብቅ።