አሮጌውን ዲስክ ስነቅለው ለምን አይነሳም?

ከሐረር የጻፈልኝ ወንድሜ ችግሩ እንዲህ ነው። የላፕቶፑን 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ወደ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ አዲስ ዲስክ) ክሎን አደረገ፣ ማለትም ገለበጠ። ኤስኤስዲውን ዋናው ቦታ ላይ አሰረና አሮጌውን በካዲ (በዲስክ መያዣ ሳጥን) አድርጎ የሲዲው ቦታ ላይ ሰካው። ሁለቱ ካሉ ይነሳል፤ አሮጌው ከወጣ «ቡት የሚያደርግ (የሚያስነሳ) ዲስክ የለም» ይላል። አንድ ጠጋኝ «ፊክስ ኤምቢአር» የሚባለውን የድሮ የቡት ማስተካከያ ትእዛዝ ጽፎበት ብር ተቀብሎ ሄዷል፣ ባዮሱንም (ላፕቶፑ ሲበራ የሚገባበትን ማስተካከያ) ሌጋሲ፣ ማለትም የድሮው አነሳስ፣ አድርገው ብሎታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ፍጥነቱም ያው ነው» ብሎ ጣል አድርጓል።

አቦ፣ ዋናው ወሬ እኮ እሷ ናት! ከኤስኤስዲ የተነሳ ዊንዶውስ እንደዚያ አይንቀራፈፍም። እስከ ዛሬ የምትሠራው በአሮጌው ነው ባይ ነኝ። ክሎን ስታደርግ ዊንዶውስ ያለበትን ሲን ብቻ መርጠህ ትንሿን የቡት ክፍል ትተሃታል።

ዲስክ ማኔጅመንትን ክፈትና እይ። አሮጌው ላይ 100 ሜጋ አካባቢ የሆነች ኢኤፍአይ የምትባል ክፍል አለች። ኤስኤስዲው ላይ ከሌለች ጥርጣሬዬ ልክ ነው። ኤስኤስዲው ጂፒቲ (አዲሱ የዲስክ አከፋፈል) መሆኑንም አረጋግጥ። ኤምቢአር (የድሮው አከፋፈል) ከሆነ አትታገል፣ ሁሉንም ክፍሎች መርጠህ ሙሉ ዲስኩን እንደገና ክሎን አድርግ።

ይቺን ግን ልብ በላት። ላፕቶፑ ሲበራ ሲ የምትባል ነገር አያውቅም። መጀመሪያ ያችን ትንሽ ክፍል ይፈልጋል፣ ከውስጧ የቡት ፋይሉን ያስነሳል፣ እሱ ደግሞ ቢሲዲ የሚባል መዝገብ ገልጦ ዊንዶውስ የት እንዳለ ያነባል። እዚያ የተጻፈው የዲስኩና የክፍሉ መለያ ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ቤትህን ከነዕቃው ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ሰፈር ወደ ሳቢያን ሰፈር አዛውረህ ባጃጁን ግን አሮጌው ግቢ ትተኸዋል እንበል። ሹፌሩ የያዘው ወረቀት አሁንም ከዚራ ነው የሚለው፣ እንግዳህን ሁሌ አሮጌው ቤት ያወርደዋል። አሮጌውን ግቢ ስትዘጋው ደግሞ ባጃጁም አብሮ ተቆለፈ፣ እንግዳው መንገድ ላይ ቀረ። ፊክስ ኤምቢአር ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የአነሳስ ሥርዓት) የማያየውን ቦታ ነው የሚነካው፣ ገንዘብህን በላው በቃ። ሌጋሲውንም እርሳው፤ ጂፒቲ ላይ ያለ ዊንዶውስ በሌጋሲ አይነሳም።

አሁን ወደ ሥራው። ላፕቶፑን አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ አሮጌውን ዲስክ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። ከዚያ ቻርጀሩን መልሰህ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ በዩኢኤፍአይ አስነሳ፣ ሺፍትና ኤፍ10 ተጫን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ይከፈታል። ባትሪው የደከመ ከሆነ መብራት የሚሄድበትን ሰዓት አትምረጥ።

ዲስክፓርት (የዲስክ መክፈያው ትእዛዝ) ብለህ ግባ፣ ሊስት ዲስክ በል። 238 ጊጋ አካባቢ የሚያሳየው ኤስኤስዲህ ነው፤ ፍላሹም እዚያው ስለሚዘረዘር በመጠን ለይ። ሊስት ቮልዩም ብለህ ዊንዶውስ ያለበትን ምረጥ፣ ፊደሉንም ያዝ፣ እዚህ ሲ ላይሆን ይችላል። በሽሪንክ 200 ሜጋ ቀንስለት። ክሪኤት ፓርቲሽን ኢኤፍአይ ብለህ ሳይዙን 100 አድርግ፣ በፋት32 ፈጣን ፎርማት አድርገው፣ በአሳይን ኤስ የሚል ፊደል ስጠው፣ ውጣ። ቪዲዮ ላይ «መጀመሪያ ክሊን በል» የሚሉህን አትስማ! ክሊን ዲስኩን ጠራርጎ ነው የሚያጠፋው፣ አሮጌውን አውጣ ያልኩህም ለዚሁ ነው።

ከዚያ የቡት ፋይሎቹን የሚፈጥረውን ትእዛዝ ጻፍ፦ ቢሲዲቡት፣ የዊንዶውስ ፎልደሩ አድራሻ፣ ስላሽ ኤስ፣ ኤስ ኮለን፣ ስላሽ ኤፍ፣ ዩኢኤፍአይ። በየመካከሉ ስፔስ አትርሳ፣ ከስላሽ ቀጥሎ ካለው ፊደል በፊት ግን ስፔስ የለም። የቡት ፋይሎቹ ተፈጠሩ የሚል መልእክት ካመጣ ፍላሹን ነቅለህ አስነሳ።

ካዲውን ደግሞ ተጠራጠረው። ርካሾቹ ፒናቸው ላላ ይላል፣ በሙቀትማ ይብስባቸዋል። ስም የለሽ ኤስኤስዲ ከሆነም ተጠንቀቅ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ አለ፣ ሲሞላ ፋይል መብላት ይጀምራል። ስለዚህ አሮጌውን ዲስክ ቶሎ ፎርማት እንዳታደርግ፣ አዲሱ ደህና መሥራቱን እስክታይ አስቀምጠው።

ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ባዮስ ውስጥ የሳታው (የዲስክ ማገናኛው) ሞድ ኤኤችሲአይ ከሚባለው ተቀይሮ እንደሆነ እይ። እሱም ደህና ከሆነ የሊስት ቮልዩሙን ፎቶ ላክልኝ።