አውት ኦፍ ሜሞሪ ሲል ራም ከመግዛትሽ በፊት ትሬዱን ቁጠሪው

ሰላም እህቴ፣ ከሸዋ ሮቢት የላክሽውን አይቼዋለሁ። ላላያችሁት ባጭሩ፣ የኮሌጃቸው የተማሪ ምዝገባ ሲስተም ኡቡንቱ 18.04 ላይ በቶምካት (የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽን የሚያስኬድ ሰርቨር) ነው የሚሰራው፣ ማሽኑ 8 ጊጋ ራም አለው፣ ጠዋት ሪስታርት ተደርጎ ደህና ሲሰራ ይቆይና ከሰዓት ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር፣ አነብል ቱ ክሪኤት ኒው ኔቲቭ ትሬድ» ብሎ ቀጥ ይላል። እሷ ኤክስኤምኤክሱን (የሂፕን ጣሪያ፣ ሂፕ ማለት ጃቫ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ ነው) ከ2 ጊጋ ወደ 6 አሳደገችው፣ ማክስ ትሬድሱንም (ቶምካት ጥያቄ የሚያስተናግድባቸውን ትሬዶች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሄዱ የስራ መስመሮች፣ ጣሪያ) 2000 አደረገችው፣ ጭራሽ ባሰበት። አለቃዋ ደግሞ የሮቢት ሙቀት ነው፣ እሱ ካልሆነም ራም ይገዛ ብለዋል።

ሙቀቱን እንተወው። ማሽን ሲግል ይንቀራፈፋል ወይ ድርግም ብሎ ይጠፋል እንጂ ቁጭ ብሎ የጃቫ ኤረር አይጽፍልሽም፣ እኛ እዚ ደብረ ብርሃን ጋቢ ደርበን ሰርቨር ሩም የምንገባውም ይሄው ኤረር ይመጣብናል።

አውት ኦፍ ሜሞሪ የሚለውን ሲያይ ሁሉም ሰው ሂፕ ወደ መጨመር ነው የሚሮጠው፣ ወሳኙ ግን ከሱ ቀጥሎ የተጻፈው ነው። «ጃቫ ሂፕ ስፔስ» ቢልሽ አዎ ሂፑ ሞልቷል፣ «ሜታስፔስ» ቢልሽ ክላሶቹ የሚጫኑበት ቦታ ነው። ያንቺ ኔቲቭ ትሬድ ነው የሚለው፣ ማለትም ጃቫ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አዲስ ትሬድ ስጠኝ ብሎት አልሰጥም ብሎታል፣ ሂፑ ግማሹ ባዶ ሆኖም ይሄ ይመጣል። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ስታክ (ለስራው የሚጠቀምበት ሜሞሪ) አለው፣ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ካልነካሽው እስከ 1 ሜጋ ይያዝለታል (ሁሉንም ባንዴ አይበላውም)፣ እሱ ደሞ ከሂፑ ሳይሆን ከሂፑ ውጪ ካለው ነው የሚወጣው። ስለዚ ከ8ቱ ጊጋ 6ቱን ለሂፕ ስትሰጪ ለትሬዱም ለሜታስፔሱም ለራሱ ለኡቡንቱም፣ ዳታቤዙም እዛው ከሆነ ለሱም፣ የተረፈው 2 ጊጋ ብቻ ነው። መጀመሪያ ወደ 2 መልሺው።

አሁን ሲበላሽ ሪስታርት ከማድረግሽ በፊት «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ብለሽ የቶምካቱን ሰርቪስ እዪ። «ታስክስ» (የሰርቪሱ ፕሮሰሶችና ትሬዶች ብዛት) የሚል መስመር ታገኛለሽ፣ አጠገቡ በቅንፍ ሊሚቱ አለ፣ 18.04 ላይ ካልተነካ አብዛኛውን ጊዜ 4915 ነው። ከየት መጣ ካልሽ፣ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) የሚፈቅደው የፒአይዲ (የፕሮሰስና የትሬድ መለያ ቁጥር) ጣሪያ ካልተነካ 32768 ነው፣ ሲስተምዲ (ሰርቪሶቹን የሚያስነሳው) ለአንድ ሰርቪስ የዛን 15 በመቶ ይሰጣል። ቁጥሩ 4900 ምናምን ላይ ካገኘሽው በቃ ተያዘ፣ 64 ጊጋ ራም ቢገዛም እዛው ቁጥር ላይ ነው የሚቆመው።

ሊሚትስ ዶት ኮንፍ ላይ ጨምሬ ነበር ያልሽው ደሞ ያልሰራው ፋይሉ ሎግኢን ለሚያደርግ ዩዘር ስለሆነ ነው፣ በሲስተምዲ የሚነሳ ሰርቪስ አያነበውም። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» ብለሽ ሰርቪሱ ላይ ታስክስ ማክስን አስገቢ፣ ሊሚት ኤንፕሮክንም (ለዩዘሩ የሚፈቀደውን የፕሮሰስና የትሬድ ብዛት) እንደዛው፣ ዴሞን ሪሎድ ከዛ ሪስታርት። የታስክስ ማክሱን መቀየር እዛው «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ላይ፣ የኤንፕሮኩን ደሞ ፕሮክ የሚለው ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ገብተሽ «ሊሚትስ» የሚለውን ፋይል ከፍተሽ አረጋግጪ፣ ተርሚናል ላይ ዩሊሚት ብለሽ የምታዪው ያንቺን ሼል ነው እንጂ የቶምካቱን አይደለም።

ግን ሊሚቱን ብቻ ጨምረሽ ከተውሽው ከሰዓት የሚወድቀው ማታ ይወድቃል። ቶምካት ካልተነካ 200 ትሬድ ነው ማክሲመሙ፣ አንቺ 2000 ብታደርጊውም 4900 አይሞላም፣ ሌላውን ማነው የሚፈለፍለው? እሱን ለማየት ጄስታክ (የትሬዶቹን ዝርዝር የሚያወጣ የጃቫ መሳሪያ) ትጠቀሚያለሽ። ሊሚቱ ጢም ብሎ ሲሞላ ጄስታክ እምቢ ሊልሽ ይችላል ምክንያቱም ለሱም አዲስ ትሬድ ያስፈልገዋል፣ ያኔ «ኪል ማይነስ 3» ብለሽ የፕሮሰሱን ቁጥር ስጪው። ስሙ ያስደነግጣል እንጂ ጃቫን አይገድለውም፣ የትሬዶቹን ዝርዝር ካታሊና ዶት አውት (የቶምካት ሎግ ፋይል) ላይ ይተፋልሻል።

ከዛ ስማቸውን እዪ። «ኤችቲቲፒ ኒዮ 8080 ኤክሴክ» የሚሉት የቶምካቱ ናቸው። «ፑል 1 ትሬድ 1»፣ «ፑል 2 ትሬድ 1» እያለ «ፑል 812» ምናምን ከደረሰ ግን ኮዱ ውስጥ አንድ ሰው በየሪኩዌስቱ አዲስ ኤክስኪውተር (ፑል፣ ማለትም የትሬዶች ስብስብ) ከፍቶ ሻትዳውን ሳያደርግ ይወጣል ማለት ነው። ተማሪው ሲመዘገብ ኤስኤምኤስ ይላካል ብለሽኛል አይደል፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ዴቨሎፐሩ ፑሉን አፕሊኬሽኑ ሲነሳ አንዴ ከፍቶ ሁሌ እሱኑ ይጠቀም። ኤስኤምኤሱ የሚላክበት ኮኔክሽን ላይም ታይምአውት (የመጠበቂያ ጊዜ ገደብ) ያስገባ፣ የጃቫው ኤችቲቲፒ ዩአርኤል ኮኔክሽን ካላስገባሽለት ታይምአውት የለውም፣ ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ትሬዱ እዛው ተገትሮ ይቀራል።

ማክስ ትሬድሱን ወደ 200 መልሺው። ማይኤስኪውኤል ካልተነካ 151 ኮኔክሽን ነው የሚቀበለው፣ 2000 ትሬድ ብትከፍቺ አብዛኛው ኮኔክሽን ሲጠብቅ ነው የሚውለው።

ዝርዝሩ ላይ ፑል የሚል ብዙ ካላየሽና ሌላ ስም ከተደጋገመ ስሙን ከስሩ ካሉት አስር መስመሮች ጋር ገልብጠሽ ላኪልኝ፣ የዩዘርና የፓስወርድ ነገር ካለበት አጥፊውና። የራሙን ግዢ ወረቀትም እስከዛ ያዝ አድርጊው።