ፕሪሚየም ናፍጣና አዲቲቭ ዋጋቸውን ያወጣሉ? ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የናፍጣ ፓምፕና ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ዕቃ) መፈተሽና መጠገን ነው። ስለ ውዱ ናፍጣና ታንከር ውስጥ ስለሚጨመሩ ኬሚካሎች፣ አዲቲቭ ስለሚባሉት፣ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ብዙ ጊዜ መልሱን የምሰጠው ሥራ ላይ ሆኜ፣ በሁለት ቃል ነው። ዛሬ ግን ረጋ ብዬ እመልሳለሁ። ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ገንዘብ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ተስፋ ላይ ሲያጠፋ ማየት ያንገበግበኛል። በሌላ በኩል ደግሞ የሚጠቅመውን ነገር ሁሉ "ማጭበርበሪያ ነው" ብሎ የሚተውም አለ። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ፕሪሚየም የሚባለው ናፍጣ ከተራው በምን ይለያል? ስም ብቻ ነው እንዴ?

ስም ብቻ አይደለም። ግን ስሙ ብቻውን ምንም አይነግርህም። በብዙ አገር "ፕሪሚየም" ማለት ይህን ያህል ነው ተብሎ በሕግ የተለካ ነገር የለም። አብዛኛውን ጊዜ መሠረቱ ያው ተራው ናፍጣ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቦቴ ላይ ሲጫን ወይም እዚያው አካባቢ ከሚጨመርበት ኬሚካል ነው።

በብዛት የሚጨመሩት ኢንጀክተር የሚያጸዳ አጣቢ፣ ሴቴን ከፍ የሚያደርግ ኬሚካል፣ ዝገት መከላከያና አረፋ ማጥፊያ ናቸው። አረፋ ማጥፊያው ለሞተሩ የሚሠራው ነገር የለም፤ ስትቀዳ ታንከሩ ቶሎ እንዲሞላና እንዳይገነፍል ነው። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው፦ "አጣቢ አለበት? ሴቴኑ ስንት ነው?" መልስ ከሌለው ተጨማሪውን ገንዘብ ኪስህ ውስጥ አቆየው።

ጥያቄ፦ ሴቴን ሲባል እሰማለሁ። እንደ ቤንዚን ኦክቴን ነው? ከፍ ሲል ጉልበት ይጨምራል?

ሥራቸው ተቃራኒ ነው። ኦክቴን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይቀጣጠል ምን ያህል እንደሚታገሥ ይለካል። ሴቴን ደግሞ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ከተረጨ በኋላ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀጣጠል። በመርጨትና በመቀጣጠል መካከል ያለው ጊዜ ከረዘመ ብዙ ናፍጣ ይጠራቀምና በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ያ "ቀጭ ቀጭ" የሚለው የናፍጣ ሞተር ድምፅ ከዚያ ነው የሚመጣው። ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ብሎ ሲያስቸግር፣ ሲነሳም ነጭ ጭስ ሲያጨስ፣ ዝቅተኛ ሴቴን አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር መነሻህ የት ነው የሚለው ነው። የአውሮፓው የናፍጣ ጥራት ደረጃ፣ ኢኤን 590፣ ቢያንስ 51 ይጠይቃል። የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ዲ975 ግን ቢያንስ 40 ነው። ከ40 ወደ 50 ስትወጣ በጆሮህም ትሰማዋለህ፤ ሞተሩ ይለዝባል፣ አነሳሱም ይሻሻላል። ከ51 ወደ 55 ብትወጣ ግን ብዙ ሹፌር ልዩነቱን አይለየውም። ሞተሩ ቶሎ የሚቀጣጠል ናፍጣ አንዴ ካገኘ፣ ከዚያ በላይ ያለው ብዙም አይጨምርለትም።

ጉልበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከአትክልት ዘይትና ከሞራ በሃይድሮጅን ተጣርቶ የሚሠራውን ናፍጣ ተመልከት። ሴቴኑ ከ70 በላይ ነው። ግን ቀለል ያለ ነው፤ አንዱ ሊትር 780 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ተራው ናፍጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ820 እስከ 845 ግራም ነው። ሴቴኑ እንደዚያ ከፍ ብሎ እንኳ በሊትር ሲታይ የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ያንሳል። ሴቴንን ከጉልበት ጋር ማያያዝ ይቅር።

ጥያቄ፦ ወንድም፣ "እስከ 15 በመቶ ነዳጅ ይቆጥባል" የሚል ጠርሙስ ገዛሁ። ይቆጥባል ወይስ ተበልቻለሁ?

ወንድሜ፣ ጤነኛ ሞተር ላይ 15 በመቶ አይገኝም። ምክንያቱን ልንገርህ። ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ከተረጨለት ናፍጣ ከ98 በመቶ በላዩን ያቃጥላል። "ናፍጣውን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ያደርጋል" የሚሉህ፣ ሳይቃጠል የሚቀረው ራሱ ሁለት በመቶ እንኳ የማይሞላውን ነው። ትልቁ ብክነት ሌላ ቦታ ነው፤ በጭስ ማውጫና በራዲያተር የሚወጣው ሙቀት። እሱን ደግሞ ጠርሙስ አይመልሰውም። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋጁል ያህል ኃይል አለው። በሺህ ሊትር አንድ ሊትር የሚጨመር ኬሚካል ያን ቁጥር አያነሳውም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከመቶ በላይ መሣሪያዎችና ኬሚካሎች ፈትሾ፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር ምንም ለውጥ አላገኘም። የሠሩትም ያስገኙት ቁጠባ ትንሽ ነው። "በኤጀንሲው የተመዘገበ" የሚል ጽሑፍ ጠርሙሱ ላይ ብታይም አትታለል። ምዝገባ ማለት "ይሠራል" ብሎ መመስከር አይደለም።

ኢንጀክተሩ የቆሸሸ ሞተር ላይ ግን አጣቢ የጠፋውን ሊመልስ ይችላል። መመለስ ነው እንጂ መጨመር አይደለም። ሒሳቡም ቀላል ነው። ውዱ ናፍጣ ከተራው በ6 በመቶ ከበለጠ፣ በነዳጅ ብቻ ራሱን እንዲችል ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ መቆጠብ አለበት። ያ በብዙ ሞተር ላይ አይሆንም። መለካት ከፈለግህ በአንድ ታንከር አትፍረድ። በተራው ናፍጣ ጥቂት ታንከር ነድተህ መዝግብ፣ ከዚያ በውዱ እንዲሁ አድርግ። መንገዱና ጭነቱ ተመሳሳይ ይሁን፣ የጎማውንም ንፋስ አስተካክል። የጎማ ንፋስ ብቻውን ልኬትህን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ኮመን ሬል ነው። መካኒኬ "ያለ አዲቲቭ አትንዳ" ይለኛል። ትክክል ነው?

ኮመን ሬል ማለት ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ የሚያድል ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ ለመካኒክህ ግማሽ እውነት እሰጠዋለሁ።

መፈተሻው ላይ የማየውን ልንገርህ። ኢንጀክተሩን አስሬ መስታወት ባለው ክፍል ውስጥ ሳስረጨው፣ ጤነኛው ከእያንዳንዱ ቀዳዳ እኩል ጉም ያወጣል። አይን የማይለየው ደቃቅ ጉም ነው። የቆሸሸው ግን ከአንዱ ቀዳዳ ጉም፣ ከሌላው ቀጭን ክር ያወጣል። አንዳንዴ ርጭቱ ካለቀ በኋላ ጫፉ ላይ ጠብታ ይንጠለጠላል። ያ ጠብታ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ጥቀርሻ ይሆናል፣ ጥቀርሻው መልሶ ቀዳዳውን ያጠበዋል።

ኮመን ሬል ይህን የማይታገሠው ስለ ግፊቱና ስለ ጥበቱ ነው። ግፊቱ 2000 ባር አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ኢንጀክተሩ ውስጥ በሚንቀሳቀሱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ እስከ ሦስት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው። ጫፉ ላይ ከሚጋገረው ጥቀርሻ ሌላ፣ ውስጡ ላይ እንደ ስስ ቫርኒሽ የሚለጠፍ ንብርብርም አለ። ኢንጀክተሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው መርፌ ሲጣበቅ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ለመነሳትም ይለግማል።

ጥሩ አጣቢ በሁለቱም ላይ ይሠራል። ስለዚህ ለኮመን ሬል ባለቤት፣ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አጣቢ ያለበትን ናፍጣ መቅዳት ገንዘቡን ያወጣል ብዬ አምናለሁ። ሁልጊዜ ካልሆነም በየተወሰነው ታንከር። ውጤቱን በአንድ ቀን አትጠብቅ፤ ለመታጠብ ጥቂት ታንከር ይፈልጋል።

ግማሽ እውነት ያልኩት ለምንድን ነው? ሳሙና የቆሸሸ ልብስ ያጸዳል፤ የተቀደደውን አይሰፋም። ኢንጀክተሩ በቆሻሻ ተፍቆ ክፍተቱ ከሰፋ፣ ትርፉን ወደ ታንከር በሚመልሰው ቱቦ የሚወጣው ናፍጣ ይበዛል። ያን በመለኪያ ብልቃጥ እናየዋለን። እዚያ ከደረሰ ማንኛውም ጠርሙስ ብክነት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ አሮጌ ሜካኒካል ፓምፕ ነው። ዝቅተኛ ሰልፈር ያለው ናፍጣ ፓምፕ ይበላል ይላሉ። ዘይት ልጨምርበት?

ስጋቱ ከባዶ አልመጣም አባቴ። ሰልፈሩ ራሱ አይደለም የሚያለሰልሰው። ግን ሰልፈሩን ለማውጣት የሚደረገው ማጣራት ብረቱን የሚያለሰልሱትንም ነገሮች አብሮ ይወስዳቸዋል። አውሮፓ ከ2009 ጀምሮ ሰልፈሩ በሚሊዮን ከ10 ክፍል እንዳይበልጥ አድርጓል። ለዚህ ነው የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካው ራሱ ማለስለሻ መልሶ የሚጨምረው። ደረጃውም በላብራቶሪ ይለካል፤ ናፍጣ ውስጥ ሁለት ብረት ተፋትጎ የሚተወው ጠባሳ በአውሮፓ ከ460፣ በአሜሪካ ከ520 ማይክሮን መብለጥ የለበትም።

በናፍጣው ብቻ የሚለሰልስ የሮታሪ ፓምፕ ከሆነና የሚቀዱት ናፍጣ ምንጩ የማያስተማምን ከሆነ፣ ለዚሁ የተሠራ ማለስለሻ አዲቲቭ መጨመር ይገባዎታል። ሁለት በመቶ ባዮዲዝል (ከአትክልት ዘይት ወይም ከሞራ የሚሠራ ነዳጅ) ያለበት ናፍጣም ይህን ሥራ ይሠራል። በረድፍ የተሠራው ፓምፕ ግን አብዛኛው የሞተር ዘይት ስለሚያገኘው ያን ያህል አያሳስብም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ፈጽሞ አይጨምሩ፤ የብረት ፍቅፋቂና አመድ ነው የሚከቱበት። የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትም ለሥራው አልተሠራም።

ጥያቄ፦ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ቢደባለቅበትስ? "ይቀጥነዋል፣ ያጸዳዋል" ሲሉ ሰማሁ።

ቤንዚን፣ አይሆንም። ናፍጣ በተራ ሙቀት በቀላሉ የማይቀጣጠለው የሚቀጣጠል እንፋሎት ለማውጣት ከ50 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይም ያወጣል። ትንሽ ቤንዚን ሲገባ ታንከሩ ውስጥ ያለው አየር ለእሳት የተዘጋጀ ይሆናል። ፓምፑም ይደርቃል፣ ሴቴኑም ይወርዳል። ነጭ ጋዝ ብርድ ባለበት ቦታ በልክ ይደባለቃል፤ ለማጽዳት ግን አይደለም። ማለስለሱ ደካማ ነው።

ጥያቄ፦ እህታችሁ ነኝ፣ የጭነት መኪኖች አሉኝ። ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ይደፈናል። የትኛውን አዲቲቭ ትመክረኛለህ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ጠርሙስ አትግዢ። ከታንከሩ ሥር ትንሽ ናፍጣ በንጹሕ ብርጭቆ አስቀጂና ሳይነካ ይደር። ጠዋት ከሥሩ የተለየ ንብርብር ካየሽ ውሃ ነው። በውሃውና በናፍጣው መገናኛ ላይ ጥቁር ወይም ቡናማ የሚሙለጨለጭ ነገር ካለ ደግሞ ተሕዋስያን ተራብተዋል። ኑሯቸው እዚያ መገናኛው ላይ ነው፤ ምግባቸው ናፍጣው፣ መጠጣቸው ውሃው። ሲሞቱም ሲኖሩም ፊልትሮ ይደፍናሉ፣ የሚያወጡት አሲድም ብረት ይበላል።

መድኃኒቱ ውሃውን ማስወጣት ነው። ታንከሩ ከሥር ይፈሰስ፣ ካስፈለገ ይታጠብ፣ ከዚያ ተሕዋስያን ገዳይ ኬሚካል በትእዛዙ ልክ ይግባ። ሲገባ የሞቱት ስለሚረግፉ መጀመሪያ ላይ ፊልትሮው ይበልጥ ይደፈናል፤ መለዋወጫ ይያዝ።

ውሃ ላይ ስለሚሠሩ አዲቲቮች አንድ ነገር ልብ በይ። ሁለት ዓይነት አሉ። አንዱ ውሃውን ለይቶ ወደ ሥር ያወርደዋል፤ ውሃ መለያው ይይዘዋል። ሌላው ውሃውን ደቃቅ አድርጎ ከናፍጣው ጋር ያዋህደዋል፤ መለያውን አልፎ ኢንጀክተር ይደርሳል። 2000 ባር ላይ ውሃ የኢንጀክተር ጠላት ነው። ለኮመን ሬል ሁለተኛውን አትግዢ። ፕሪሚየም ለመቅዳት ያሰብሽውን ገንዘብ ዘንድሮ ደህና ፊልትሮና ውሃ መለያ ላይ ብታውዪው የበለጠ ታተርፊያለሽ። በእኔ ዕድሜ ከጠገንኳቸው ፓምፖች በርካታውን የገደለው ውሃና አቧራ ነው።

ጥያቄ፦ በብርድ ናፍጣ ሲረጋ የሚጨመረው ነገርስ ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን ናፍጣው ሳይረጋ ከተጨመረ ብቻ ነው። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ። ኬሚካሉ የሰሙ ቅንጣቶች እንዳያድጉ አድርጎ በፊልትሮ እንዲያልፉ ያደርጋል። አንዴ ከረጋ በኋላ ብታፈስበት የረጋውን አያቀልጠውም። ሙቀት ነው የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። ጭስ የሚያጠፋ ጠርሙስ አለ?

ጥቁር ጭስ ማለት ለናፍጣው የሚበቃ አየር የለም ማለት ነው። የአየር ፊልትሮውን አውጥተህ እይ። ከዚያ የቱርቦውን ቱቦ፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ብዙ ሰው አስከስሯል። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ኢንጀክተር ይፈተሽ። አጣቢ የሚጠቅመው ይህን ሁሉ አይተህ ቆሻሻ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ደግሞ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው፤ ናፍጣህ ላይ የምትጨምረው ነገር አይመለከተውም።

ጥያቄ፦ ዲፒኤፍ ያለው መኪና ላይ አዲቲቭ ጉዳት አለው?

ብረት ያለበት ከሆነ አዎ። ዲፒኤፍ ጭስ ማውጫው ላይ ያለ የጥቀርሻ ማጣሪያ ነው። ጥቀርሻ ይቃጠላል፣ አመድ ግን አይቃጠልም፤ ማጣሪያው ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። አንዳንድ አምራቾች ራሳቸው ሴሪየም የሚባል ማዕድን ወይም ብረት ያለበት ፈሳሽ በልኩ የሚጨምር ሥርዓት ሠርተዋል። ያ የተሰላ ነው። ከውጭ ገዝቶ ማፍሰስ ሌላ ነው። ጠርሙሱ "አመድ አልባ" የሚል ካልሆነ ተወው፤ የመኪናውንም መመሪያ መጽሐፍ አንብብ። የዋስትና ክርክር ሲመጣ አምራቹ የሚያየው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ አድብሉ ናፍጣ ላይ የሚጨመር አዲቲቭ ነው አይደል? ወንድሜ ታንከሩ ውስጥ ሊጨምር ነበር።

አይደለም! አድብሉ 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ የቀረው ንጹሕ ውሃ ነው። የራሱ ታንከር አለው፤ የሚረጨውም ጭሱን ለማጽዳት ጭስ ማውጫ ውስጥ ነው። ናፍጣ ውስጥ ከገባ ፓምፑን፣ ቱቦውን፣ ኢንጀክተሩን ሁሉ በክሪስታልና በዝገት ያበላሻል። ወንድምህ ሳያውቅ አፍስሶ ከሆነ ሞተሩን እንዳያስነሳ፤ ቁልፉንም ማዞር የለበትም፣ ብዙ መኪና ቁልፍ ሲዞር ፓምፑ ናፍጣ መሳብ ይጀምራል። መኪናው ተጎትቶ ይሂድና ታንከሩ ይታጠብ።