ውሃው የታየበትን ሳይሆን የመጣበትን ፈልጉ፦ ጣሪያ መመርመር ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆች እንደምን ናችሁ። እዚህ ለገጣፎ አካባቢ ኮንስትራክሽን ተምራችሁ የወጣችሁ ልጆች ስለ ጣሪያ ትጠይቁኛላችሁ፣ ግማሻችሁ እዚሁ መስራት ትፈልጋላችሁ፣ ግማሻችሁ ደሞ ካናዳና ሚኒሶታ የመሄድ ሀሳብ አላችሁ፣ እኔ እዛም እዚም ጣሪያ ስመረምር ስለኖርኩ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ከሁሉ በፊት የምላችሁ፣ ኮርኒስ ላይ ውሃ ታየ ማለት እዛው በላዩ ቆርቆሮው ተበስቷል ማለት አይደለም። ውሃው ከየት እንደመጣ ሳታገኙ መዶሻም ሲሊኮንም አታንሱ።

ከሚኒሶታ ልጀምር። እዛ ከህዳር እስከ መጋቢት ስኖው ነው፣ እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ ማለት ነው፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲገባ የሚገርመው ሰው የለም። ዝናብ ጣሪያ ላይ ወርዶ ይሄዳል፣ ስኖው ግን ይቀመጣል፣ መዘዙ ሁሉ የሚመጣው ከመቀመጡ ነው። ቤት ውስጥ ሂተሩ ሌት ተቀን ይሰራል፣ ኮርኒሱ በደንብ ካልታሸገና ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳያልፍ የሚነጠፈው ነገር፣ ካነሰው ሙቀቱ ወደ አቲክ ይወጣል፣ አቲክ የሚሉት በኮርኒሱና በጣሪያው መሀል ያለውን ባዶ ቦታ ነው፣ ከዛ ጣሪያው ከስር ይሞቅና የስኖው የታችኛው ክፍል መቅለጥ ይጀምራል። የቀለጠው ውሃ እየወረደ ከግድግዳው ወጣ ያለው ጠርዝ ጋ ሲደርስ ከስሩ የሚያሞቀው ነገር የለምና እንደገና ይረጋል፣ ይሄ እየተደራረበ ጠርዙ ላይ የግግር በረዶ ግድብ ይሰራል፣ ከኋላ የሚመጣው ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተመልሶ በሺንግሉ ስር ሾልኮ ቤት ይገባል። ሺንግል የሚሉት እዛ በቆርቆሮ ፈንታ ጣሪያ የሚለብሰውን ተደራራቢ ንጣፍ ነው፣ የተደራረበው ወደ ታች ለሚፈስ ውሃ ነው፣ ለቆመ ውሃ አይደለም። ባለቤቱ ጣሪያዬ ተበላሸ ብሎ ይደውላል፣ ጣሪያው ግን ምንም አልሆነም፣ በሽታው ኮርኒሱ ላይ ነው። ጠርዙ አካባቢ ከሺንግሉ ስር የሚለጠፍ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ አለ፣ ከውጪው ግድግዳ መስመር ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ አልፎ መግባት አለበት ይላል የእዛው የግንባታ ኮድ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እሱ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ግድቡን አያስቀረውም። የሚያስቀረው ሙቀቱ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ መድፈን፣ ኢንሱሌሽን መጨመርና አቲኩ ከውጪ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ትንሽ ስኖው ሲጥል ጠዋት ተነስታችሁ ከመንገድ ማዶ ቤቶቹን ተመልከቷቸው። አንዱ ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ሌላው ላይ መሀል መሀሉ ቀልጦ ሺንግሉ ጠቁሮ ይታያል፣ እዛ ጋ ነው ሙቀቱ የሚያመልጠው። መሰላል ሳትነኩ ግማሹን ምርመራ ጨረሳችሁ ማለት ነው። በስኖው ወቅት ደግሞ እዛ ጣሪያ ላይ ባትወጡ ነው የምመርጠው፣ ጣሪያው ላይ ያለው የመስታወት መስኮት በስኖው ተሸፍኖ አይታይም፣ የሚያንሸራትተውም አይታይም። የክብደቱን ነገር ደሞ በውፍረቱ ብቻ አትገምቱ፣ አዲስ የወረደ ስኖው ኪዩቢክ ሜትሩ ከ100 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል፣ ሲጫንና ሲረጥብ 300 ኪሎም ያልፋል፣ ግግር በረዶ ከሆነ 900። ሚኒያፖሊስ የነበረው ሜትሮዶም ስታዲየም በአየር ግፊት የተወጠረ የጨርቅ ጣሪያ ነበረው፣ እንደ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 12 ቀን 2010 በስኖው ክብደት ተቀዶ ሜዳው ላይ ዘረገፈው። መኖሪያ ቤት ላይ ምልክቱ ቀድሞ ይታያል፣ እስከትናንት በደንብ ይዘጋ የነበረ የውስጥ በር ድንገት አልዘጋ ካለ፣ ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ ከመጣ፣ ቤተሰቡን አስወጡና ከዛ ስለሌላው አውሩ።

አሁን ወደኛ ሀገር። ስኖው የለንም፣ እኔ ግን እዚህም ያንኑ በሽታ ነው የማገኘው። ሱሉልታና እንጦጦ ግርጌ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ከዝናቡ ጋር በረዶ ይጥላል፣ በረዶው በቆርቆሮው ላይ እየተንከባለለ አሸንዳ ውስጥ ይሞላል፣ አሸንዳው ደሞ ቀድሞውኑ በባህር ዛፍ ቅጠል ተደፍኗል፣ ከዛ ዶፉ ሲቀጥል ውሃው መውጫ ያጣና ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ጫፍ ስር ወደ ኮርኒሱ ይገባል። በተለይ አሁን ፋሽን ሆኖ ጣሪያው ዙሪያውን በግንብ ተከልሎ አሸንዳው ከውስጥ የተደበቀባቸው ቤቶች ላይ ይሄ ይብሳል፣ ውጪ የተንጠለጠለ አሸንዳ ሲሞላ ወደ ግቢ ይፈሳል፣ የተደበቀው ሲሞላ ሳሎን ነው የሚፈሰው። እና ሰውየው ምን ያደርጋል፣ ቆርቆሮ ያስቀይራል! ስንት ብር የወጣበት ደህና ኢጋ ተነቅሎ ሲጣል ሳይ ሆዴን ያመኛል። የሚያስፈልገው አሸንዳውን መጥረግ፣ መውረጃ ቱቦውን ሰፋ ማድረግና ግንቡ ላይ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ማበጀት ነበር።

ሌላው ደግሞ ዝናብ በሌለበት የሚንጠባጠበው ነው። ሱሉልታ አንዲት እናት ቤት በህዳር ጠርተውኝ ሄድኩ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሜዳው ላይ አመዳይ አለ፣ እሳቸው ቤት ግን ከኮርኒሱ ጠብ ጠብ ይላል። ከኔ በፊት የመጡት ምስማሩን ሁሉ በሬንጅ ለቅልቀውታል። የኮርኒሱን አንድ ቺፑድ አንስቼ ባትሪ ይዤ ገባሁ፣ ቆርቆሮውን ከስር በእጄ ዳሰስኩት፣ ከዳር እስከ ዳር በደቃቃ ጠብታ ተሸፍኗል፣ ምስማሮቹ ዙሪያ ግን የውሃ መስመርም ዝገትም የለም። ከላይ የገባ ውሃ መስመር ይሰራል እንጂ እንደዛ እኩል አይበተንም። «እማማ፣ ሌሊት ምን ተጥዶ ነበር?» አልኳቸው። «የሚካኤል ዝክር ነው ልጄ፣ ንፍሮው ሲንተከተክ ነው ያደረው» አሉኝ። ማድቤቱ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ የጭስ መውጫ የለውም፣ እንፋሎቱ በተሰነጠቀው ኮርኒስ ወጥቶ የሌሊቱ ብርድ ያቀዘቀዘው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆነ፣ የድስት ክዳን ስታነሱ እንደሚንጠባጠበው ማለት ነው። ማድቤቱ ላይ መውጫ አስከፈትን፣ በጣሪያው ሁለት ጎን አየር ማስገቢያ በወንፊት አደረግን፣ ቆመ። ሚኒሶታም ይሄው አለ፣ እዛ እንፋሎቱ አቲክ ውስጥ ምስማር ጫፍ ላይ አመዳይ ሆኖ ይከርምና ቀኑ ሞቅ ሲል ቀልጦ ይዘንባል፣ ሰው ጣሪያዬ አፈሰሰ ይላል።

ስለዚ ስራውን ከውስጥ ጀምሩ። ኮርኒስ ክፈቱ፣ ባትሪ ያዙ፣ እድፉን ተከትላችሁ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ሂዱ፣ ውሃ በወራጅና በማገር ላይ ተጉዞ ሁለትና ሶስት ሜትር ርቆ ሊወርድ ይችላል። ማገሩ ባህር ዛፍ ከሆነ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ የበሰበሰ ከሆነ ሰተት ብሎ ይገባል። ከዛ ነው ወደ ውጪ። ሞገድ ባለው ቆርቆሮ ምስማር በጉብታው ላይ ነው የሚመታው፣ በጎድጓዳው ተመትቶ ካያችሁ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው የተበሳው፣ ጎሚኒውም በጸሀይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ እዩ። ስትረግጡ ምስማር የተደረደረበትን መስመር ርገጡ፣ ከስሩ ማገር ያለው እዛ ጋ ነው። ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ አትውጡ።

መብራቱን ነገር በጣም አደራ። እኛ ሰፈር ከፖል የሚመጣው ሽቦ ብዙ ቤት ላይ ቆርቆሮውን ታኮ ነው የሚያልፈው፣ ላስቲኩ ተልጦ ከሆነ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። መሰላል ከማስደገፋችሁ በፊት ሽቦው የት እንደሚያልፍ እዩ፣ ቆርቆሮውን በቴስተር ሞክሩት፣ ከጠረጠራችሁ ቆጣሪው ላይ ማጥፋት አይበቃም ምክንያቱም የሚመጣው ሽቦ ከቆጣሪው በፊት ነው፣ መብራት ሀይል ይጠራ። ባለቤቱ ቶሎ በሉ ቢላችሁም ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

ብር የሚያስገኘው ጥገናው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የመረመራችሁትን ቤት ራሳችሁ ካልጠገንኩ አትበሉ፣ እንደዛ ከሆነ አይናችሁ ሳይወድ በግዱ ጥገና ነው የሚያየው። የምርመራችሁን ለብቻው አስከፍሉ፣ ያያችሁትን ጻፉ፣ ያላያችሁትንም «ይሄኛውን ክፍል ኮርኒሱ ስላልተከፈተ አላየሁትም» ብላችሁ ጻፉ። ፎቶውን ከነቦታው በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ጥገናውን ለማንም ቢሰጡት ሰራተኛው ስልካቸው ላይ ያየዋል። እዚህ ጥሩው ጊዜ ግንቦት ነው፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ካናዳ ለምትሄዱት ደግሞ ስኖው ሳይጥል መስከረምና ጥቅምት ላይ። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ከኔ ጋር ለመዞር የምትፈልጉ ካላችሁ ኑ፣ ባትሪና አሮጌ ልብስ ይዛችሁ።